ያልተኛ ሐኪም፣ ያልተነገራት ነርስ

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። ዶክተሩ በአንድ የክልል ከተማ በሚገኝ ጠቅላላ ሆስፒታል በቅርቡ ሜዲካል ዳይሬክተር ሆኖ የተሾመ ሰው ነው። ሲስተር ለረጅም ጊዜ በማትሮንነት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል፤ ዶክተሩን ከኢንተርንነቱ ጀምሮ ያውቁታል። በ2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአፍሪካ ኅብረት በኩል ኢቦላን ለመዋጋት ወደ ምዕራብ አፍሪካ ከላከቻቸው ባለሙያዎች መካከል ነበሩ፤ ኮቪድ የገባው ደግሞ ጡረታቸው ሲቃረብ ነው። ዶክተሩ የሆስፒታሉን የወረርሽኝ ዝግጁነት ዕቅድ አርቅቆ ልኮላቸዋል፤ አሁን አስተያየታቸውን ሊሰማ ቤታቸው መጥቷል።

ዶክተር፦ አነበቡት ሲስተር?

ሲስተር፦ ሁለቴ። አልጋው አለ፣ ኦክስጅኑ አለ፣ ጓንትና ማስኩ በየወሩ ተሰልቷል፣ የአስከሬን ከረጢት ሳይቀር ተቆጥሯል። እጅህ ይባረክ። ግን ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው መቼ ነው የሚተኛው?

ዶክተር፦ «የሰው ኃይል» የሚለው ክፍል ውስጥ አለ እኮ። «ሠራተኞች በቂ ዕረፍትና ወቅታዊ መረጃ እንዲያገኙ ይደረጋል» ይላል።

ሲስተር፦ አይቻታለሁ፤ አንድ መስመር ናት። ሲሊንደር የሚያስሞላው ሰው ከነስልኩ ተጽፏል። ጄኔሬተር የሚያስነሳው እንኳ ተተኪ አለው። ዕረፍቱና መረጃው ላይ ግን የማንም ስም የለም። የማንም ስም የሌለበት ሥራ መጨረሻው ምን እንደሚሆን መሥሪያ ቤት ውስጥ የኖርን ሰዎች እናውቀዋለን።

ዶክተር፦ ከሥሩ ያለውን አላዩልኝም መሰለኝ። የሥነ ልቦና ድጋፍ ቡድን ይቋቋማል፤ አማካሪ ባለሙያ፣ ነፃ የስልክ መስመር፣ የጋራ ውይይት…

ሲስተር፦ አይቻለሁ። ያንን ግን ቻይኖች ቀድመውህ ሞክረውታል። ኮቪድ እንደጀመረ ሰሞን ቻንግሻ ከተማ ያለው ሁለተኛው ሺያንግያ ሆስፒታል ልክ አንተ የጻፍከውን አደረገ። የሥነ ልቦና ቡድን አቋቋመ፣ የስልክ መስመር ከፈተ፣ ጭንቀት የሚያቀል የቡድን ዝግጅት አሰናዳ። ሠራተኛው ዞር ብሎ አላየውም። አንዳንዷ ነርስ ትነጫነጫለች፣ እረፊ ስትባል እንቢ ትላለች፤ እንርዳሽ ሲሏት ደግሞ ምንም አልሆንኩም ብላ ትመልሳቸዋለች። ኋላ ሄደው ቁጭ ብለው ጠየቋቸው። መልሱ ላንሴት ሳይካያትሪ በሚባለው መጽሔት ላይ ወጥቷል። አማካሪው ይቅርብን፣ ማንም የማያቋርጠው ዕረፍትና በቂ መከላከያ ስጡን ነው ያሉት።

ዶክተር፦ ከዚያስ ምን አደረጉ?

ሲስተር፦ ዕቅዱን ከለሱት። ቤተሰቡን እንዳይበክል የሚሰጋ ሠራተኛ ለጊዜው ተለይቶ የሚያርፍበት ቦታ አዘጋጁ። ምግቡንና የዕለት ፍጆታውን ሆስፒታሉ ራሱ ቻለ። የሥራ ውሏቸውን በቪዲዮ ቀርጸው ለቤተሰብ እንዲያሳዩ ረዷቸው፤ እናት ልጇ ምን ለብሳ የት ቆማ እንደምትሠራ በዐይኗ ካየች ትንሽ ትረጋጋለቻ። የሚያስቸግር ታማሚ ሲገጥም የሚያግዝ ጥበቃም ተመደበ። አማካሪዎቹም አልተባረሩም፤ ወደ ማረፊያው ብቅ እያሉ የሠራተኛውን ወሬ ማዳመጥ ያዙ። እንግዲህ ቅደም ተከተሉን እይ፤ መጀመሪያ መኝታው፣ ምግቡና የቤተሰቡ ነገር ተስተካከለ፤ ምክሩ ከዚያ በኋላ መጣ። አንተ ምክሩን አስቀድመህ መኝታውን ረስተኸዋል።

ዶክተር፦ እኔ እኮ ቻይና አይደለሁም። ለሁቤይ ግዛት ብቻ ከሌሎች ክፍላተ ሀገራት ከ42 ሺህ በላይ የጤና ባለሙያ ተልኮላታል። እኔ ለአንድ ዋርድ ሌሊት ሁለት ነርስ ካገኘሁ ዕድለኛ ነኝ። ዕረፍት ትርፍ ሰው ላለው ነው ሲስተር።

ሲስተር፦ እዚህ ላይ አልስማማህም። እኛ ኢቦላ ላይ ስንሄድ ትርፍ ሰው የነበረ መሰለህ? ጭራሽ አልነበረም። ያም ሆኖ ያንን የመከላከያ ልብስ ለብሰህ ታማሚ ያለበት ቀጠና ከገባህ ሰዓት ይያዝብህ ነበር። 45 ደቂቃ፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት። ሰዓት የሚይዘው ሰው ውጭ ቆሞ ይጠራሃል። «ይቺን ጉሉኮስ ልጨርስ» ብትል አይሰማህም። መጀመሪያ ጭካኔ መስሎኝ ነበር፤ ታማሚው ዐይንህን እያየ ጥለኸው መውጣት።

ዶክተር፦ ሙቀቱ ነው እንጂ እሱማ። ያ ልብስ አየር አያስገባም።

ሲስተር፦ ሙቀቱ አንዱ ነው። ዋናው ግን ማውለቁ ነው። አደጋው ያለው ስታክም አይደለም፣ ስታወልቅ ነው። ልንገርህ እንዴት እንደነበር። ላቡ ጓንትህ ውስጥ ተጠራቅሞ ጣትህ ይዋኛል። መነጽሩ ጉም ይለብሳል። ጆሮህ ተሸፍኗል። ፊት ለፊትህ አንድ ሰው ርቆ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ አንድ በአንድ ይጠራልሃል፦ እጅህን ታጠብ። የላይኛውን ጓንት አውልቅ። ታጠብ። ልብሱን ከውስጥ ወደ ውጭ እየጠቀለልክ ልቀቅ፤ በቀስታ። ታጠብ። አጎንብስ፣ ዐይንህን ጨፍን፣ መነጽሩን ከኋላ ይዘህ ወደ ፊት አንሳው። ታጠብ። ለምን ይጠራልሃል? ሥራውን ስለማታውቀው እንዳይመስልህ። የደከመ ሰው የሚያውቀውን ይረሳል። እጁ ሳያዘው ሄዶ ዐይኑን ይነካል፤ አለቀ። በዚያ ወረርሽኝ በጣም በተጎዱት ሦስት የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ውስጥ ከ800 በላይ የጤና ሠራተኞች ተይዘው ከ500 በላይ ሞተዋል። ስለዚህ ዕረፍቱ ለእኛ ታዝኖልን የተሰጠ አይደለም። እንደ ጓንቱ፣ እንደ ክሎሪኑ የመከላከያው አካል ነበር።

ዶክተር፦ ኮቪድ ላይ ግን በሰዓት ገደብ አልሠራንም። ሺፍቱ ስድስትም ስምንትም ሰዓት ቢሆን ያው ነው፤ ገባህ ማለት ገባህ ነው።

ሲስተር፦ ለዚያ እኮ ነው የምልህ። እ.ኤ.አ. በ1997 ዳውሰንና ሪድ የሚባሉ ተመራማሪዎች አውስትራሊያ ውስጥ ሰው ከእንቅልፍ ከልክለው ፈተኑት። 17 ሰዓት የነቃ ሰው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ሆነ። 24 ሰዓት ሲሞላው 0.10 ደረሰ። ዲውቲ አዳሪውን ኢንተርን ጠዋት ራውንድ ታስዞረዋለህ፤ ጠጅ ቤት አድሮ ቢመጣ ግን ከበር ትመልሰዋለህ። ታማሚው ላይ የሚያመጣው ያው ነው።

ዶክተር፦ የቦስተኑን ጥናት አውቀዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 ብሪገም ኤንድ ዊሜንስ ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ኢንተርኖቹን በሁለት ዓይነት የሥራ ሰዓት አሠርተው አነጻጸሯቸው። በቀድሞው ረጅም ዲውቲ የሚሠሩት 36 በመቶ የበለጠ ከባድ ስህተት ሠሩ። ቁጥሩ አይጠፋኝም። ግን እኛም 36 ሰዓት እየቆምን ነው ያለፍነው።

ሲስተር፦ እናንተ አልፋችኋል፤ ታካሚው ስለማለፉ ግን መዝግቦ የያዘ የለም።

ዶክተር፦ ይሁን፣ ተሸነፍኩ። ሰው ከየት ላምጣ? እሱን ይንገሩኝ።

ሲስተር፦ መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ተመላላሽ ክፍሉ ምን እንደመሰለ ታስታውሳለህ? ሕዝቡ ሆስፒታል ፈርቶ ቀረ። ቀጠሮ የሚችል ቀዶ ሕክምና ተላለፈ። እዚያ የተመደቡት ባለሙያዎች ጥግ ይዘው ስልክ ይነካካሉ፤ ለይቶ ማቆያ ውስጥ ያለችው ደግሞ ሽንት ቤት ደርሳ የምትመለስበት ተተኪ ታጣለች። ሁለቱም የአንድ ሆስፒታል ሠራተኞች ናቸው። የሰው እጥረት አለ፣ አልክድም፤ ግማሹ እጥረት ግን የምደባ ነው። አሁን ወረርሽኝ ሳይኖር የተመላላሽ ክፍሏን ነርስ ኦክስጅን መስጠትን፣ መልበስና ማውለቅን አሠልጥናት። በዚያን ቀን ድንገት «ነይ ግቢ» ብትላት መፍራቷ አይቀርም፣ ትክክልም ናት።

ዶክተር፦ አዎ፣ ይሄ ሻናፌልትና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ካገኙት ጋር ይገጥማል። ወረርሽኙ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት 69 ሐኪሞችንና ነርሶችን ሰብስበው ምን ያስፈራችኋል ብለው ጠይቀው ነበር። ስምንት ነገር ወጣ። ካልሠራሁበት ክፍል ብመደብ ብቁ እሆናለሁ ወይ የሚለው አንዱ ነው። ልጄን ማን ይይዝልኛል የሚልም አለ። ብታመም መሥሪያ ቤቴ ይደርስልኛል ወይ የሚልም።

ሲስተር፦ ስምንተኛው ምን ነበር?

ዶክተር፦ ወቅታዊ መረጃ አለማግኘት።

ሲስተር፦ ወደሱ እንመጣለን። ምደባውን ልጨርስ። ሠራተኛህን በቡድን ክፈለው፤ አንዱ ቡድን ከሌላው ጋር በሥራም በምሳም አይገናኝ። የሲንጋፖር ሆስፒታሎች ኮቪድ ላይ ሠራተኛውን እንዲህ ለያይተው አሠርተዋል። አንዱ ቢያዝ ወሸባ የሚገባው የሱ ቡድን ብቻ ነው፤ ሆስፒታሉ አይዘጋም። አንዱ ቡድን ሲሠራ ሌላው ያርፋል፤ የሚያርፈውም ታዝኖለት አይደለም፣ ተጠባባቂ ስለሆነ ነው። ፕሮግራሙ ከሁለት ሳምንት በፊት ተለጥፎ ይታይ። ሰው መቼ እንደሚያርፍ ካወቀ ዛሬን ይችላል። «እስኪ እናያለን» የሚለው ነው ጉልበት የሚጨርሰው።

ዶክተር፦ መኝታውስ? ዲውቲ ሩማችንን ያውቁታል። ሁለት አልጋ፣ አንዱ እግሩ በጡብ የተደገፈ።

ሲስተር፦ አሁንም ጡቡ አለ? ጉድ ነው! ከተማህ ውስጥ ሆቴል የለም? በወረርሽኝ ጊዜ እንግዳ የሚያጣው መጀመሪያ ሆቴል ነው። ዛሬ ሄደህ ከባለሆቴሎቹ ጋር በጽሑፍ ተስማማ፤ ያን ጊዜ ከሆነ ልመና ይሆንብሃል። እንግሊዝ አገር በረራ ቆሞባቸው ቤት የተቀመጡ አብራሪዎችና የበረራ አስተናጋጆች በየሆስፒታሉ ማረፊያ ክፍል ከፍተው ለሐኪሞችና ለነርሶች ሻይ ያቀርቡ ነበር፤ ፕሮጀክት ዊንግማን ይሉታል። የኛም ሰው ይሠራዋል፤ ሰብሰብ ብሎ ማብሰል ያውቅበታል። ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው ይፈልጋል እንጂ።

ዶክተር፦ አንድ ነገር ላንሳ፣ እርስዎም የሚያውቁት ነው። ዕረፍት ስሰጠው ሄዶ የግል ክሊኒክ ፓርት ታይም የሚሠራውንስ ምን ላድርገው? ወረቀቱ ላይ አርፏል። ማክሰኞ ጠዋት ሲመጣ ዐይኑ ቀልቷል።

ሲስተር፦ እሱ እንኳ መልስ የለኝም። ደመወዙ የቤት ኪራዩን አይሸፍንም፤ ተኛ ብዬ ብቆጣው ልጆቹን አላበላለትም። በወረርሽኝ ጊዜ ግን ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው በሽታ ይዞ የሚሄደው እሱ ራሱ ነው። አንተ በእጅህ ያለውን አድርግ፤ የዲውቲ ክፍያውን በወሩ ክፈል። መክፈል ካልቻልክ ለምን እንዳልቻልክና መቼ እንደምትከፍል ቆመህ ንገረው። ደመወዙን የምትጨምርለት አንተ አይደለህም፤ እውነቱን መንገር ግን በጀት አይጠይቅም።

(እዚህ ላይ ዶክተሩ ረቂቁን ገልጦ በእስክሪብቶ ይጽፍ ጀመር፤ ሲስተር እስኪጨርስ አልጠበቁትም።)

ሲስተር፦ ሌላም አለ። ጀግና እያላችሁ አታስጨርሱን። በየአገሩ ሰው በረንዳ ላይ ወጥቶ አጨበጨበ፤ ደስ ይላል። ጀግና የተባለ ሰው ግን ደከመኝ ለማለት ያፍራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 እስከ ግንቦት 2021 ድረስ በኮቪድ የሞቱትን የጤና ሠራተኞች ከ80 ሺህ እስከ 180 ሺህ ይገምታቸዋል። ስንቶቹ ደክሟቸው ተሳስተው፣ ስንቶቹ ሳይነገራቸው ቀርቶ እንደተያዙ ማን ያውቃል። ስብሰባ ላይ «ሦስት ቀን ሳትተኛ የሠራች» ብለህ ሸልመህ ታውቃለህ?

ዶክተር፦ የምስክር ወረቀት ሰጥተናል።

ሲስተር፦ በሚቀጥለው ጊዜ በሰዓቷ ወጥታ ለተካቻት ርክክቧን አሟልታ ላስረከበችው ስጣት።

ዶክተር፦ እሺ። መረጃውን በተመለከተ ግን አይፈርዱብኝም። የቴሌግራም ግሩፕ አለን። መመሪያ በወጣ በደቂቃ ይለጠፋል።

ሲስተር፦ ግሩፑ ውስጥ እነማን አሉ?

ዶክተር፦ ሐኪሞቹ፣ ነርሶቹ፣ ላብራቶሪው፣ ፋርማሲው። ማለት ይቻላል ሁሉም።

ሲስተር፦ ጽዳቶቹስ? ጥበቃዎቹስ? ካርድ ክፍል ያሉት? የአምቡላንሱ ሹፌር? ልብስ የሚያጥቡት? ታማሚውን ከሁላችሁ ቀድሞ በር ላይ የሚያገኘው ጥበቃው ነው። ደም የነካውን ጨርቅ የምታነሳው ጽዳቷ ናት። አንተ የምትለጥፈው አርባ ገጽ የእንግሊዝኛ ፒዲኤፍ ነው። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በረኪናው አምስት በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ፣ የዛሬውን ለነገ አታሳድሪ። ይህንን በምትሰማው ቋንቋ ሄዶ የሚነግራት፣ ስትበጠብጥም ቆሞ የሚያያት ሰው ስሙ ማን ነው? ጻፈው።

ዶክተር፦ የጠዋት ስብሰባ ላይም እኮ እንናገራለን።

ሲስተር፦ የጠዋት ስብሰባ ላይ ሌሊት ያደረችው ወጥታለች፣ ማታ የምትገባው ተኝታለች። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ስብሰባ የለም። የግንቦት መጨረሻንና የሰኔ 2012ን ልንገርህ። በዚያ ሰሞን የኦክስፎርዱ ሪከቨሪ ጥናት ሁለት ዜና አወጣ። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ተኝተው ለሚታከሙት አይጠቅምም አለ። በቀናት ልዩነት ደግሞ ዴክሳሜታዞን በመተንፈሻ ማሽን ላይ ካሉት የሚሞተውን በአንድ ሦስተኛ፣ ኦክስጅን ከሚወስዱት ደግሞ በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል አለ። ዴክሳሜታዞን ብርቅ መድኃኒት አይደለም፤ ርካሽ ነው፣ የትም አለ። የሚያስፈልገው መስማት ብቻ ነበር። ቀን የሚሠራው ሰምቶ ሌሊት የምትሠራው ካልሰማች አንድ አልጋ ላይ ያለ አንድ ታማሚ ሁለት ዓይነት ሕክምና ያገኛል ማለት ነው።

ዶክተር፦ ያን ጊዜ መመሪያው በየጊዜው ይለዋወጥ ነበር። ሠራተኛው «ትናንት እንዲህ ብላችሁን ዛሬ ደግሞ» እያለ ማመን አቆመ። ለዚህ ነው አንዳንዴ እስኪረጋ ብንጠብቅ የሚሻለው።

ሲስተር፦ ብትጠብቅ ባዶውን ቦታ ወሬ ይሞላዋል። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ያድናል የሚለው ወሬ ሆስፒታል አጥር ላይ ቆሞ የሚቀር መሰለህ? መለወጡ አይደለም እምነት ያሳጣው፣ ምክንያቱ አለመነገሩ ነው። ጠዋት ርክክብ ላይ አሥር ደቂቃ፣ ማታ ርክክብ ላይ ያችው አሥር ደቂቃ፤ ቆማችሁ። አንድ ነጭ ሰሌዳ ይበቃል። ከትናንት ወዲህ የተለወጠው ምንድን ነው፣ ለምን ተለወጠ። ስንት ታማሚ አለን፣ ከራሳችን ሠራተኛ ስንት ሰው ታመመ። የማናውቀውም ካለ አናውቅም ተብሎ ይጻፍ። መጋዘን ውስጥ ስንት ኤን 95 ማስክ እንደቀረም ይጻፍ።

ዶክተር፦ እሱን እንኳ አልጽፍም። የአራት ቀን ማስክ ብቻ ቀረ ብዬ ብለጥፍ በማግሥቱ ሥራ የሚገባ አይኖርም። ከዚያም ፎቶ ተነሥቶ ፌስቡክ ላይ ይወጣል፤ ጤና ቢሮ ይጠራኛል።

ሲስተር፦ የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ሚስት አለችው፣ የሠፈር ልጅ አለው። አራት ቀን መቅረቱን ሁሉም ያውቃል፤ በነሱ ወሬ ግን አንድ ቀን ሆኗል፣ የቀረውንም ዳይሬክተሩ ለዘመዶቹ ደብቆታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የማትሰማው አንተ ብቻ ነህ። ከጻፍከው ግን አብሮ የሚከተለውን ጻፍ፤ መቼ ታዘዘ፣ መቼ ይደርሳል፣ እስከዚያ የትኛው ክፍል ብቻ ይጠቀማል። ሰው መጥፎ ዜና ችሎ ይሠራል። መታለልን ነው የማይችለው።

ዶክተር፦ በዚህ እንኳ ገና አልተስማማሁም። አስብበታለሁ።

ሲስተር፦ አስብበት። ስታስብ ግን ቶሮንቶንም ጨምረህ አስብ።

ዶክተር፦ ሳርስን ማለትዎ ነው?

ሲስተር፦ አዎ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሳርስ ካናዳ ውስጥ 44 ሰው ገደለ፤ ሁለት ነርሶችና አንድ ሐኪም አሉበት። ግንቦት ላይ አበቃ ተባለና ጥንቃቄው ላላ፣ ማስኩ ወለቀ። ኖርዝ ዮርክ ጀነራል ሆስፒታል ውስጥ ያሉ ነርሶች ግን አላበቃም ብለው ይጠረጥሩ ነበር፤ ታማሚዎቹን ሃያ አራት ሰዓት የሚያዩት እነሱ ናቸዋ። ተናገሩ። የሰማቸው የለም። በዚያው ወር ሁለተኛው ዙር ፈነዳ፤ መነሻው ያው ሆስፒታል ነበር። በኋላ ዳኛ አርቺ ካምቤል የመሩት ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ የነርሶቹ ማስጠንቀቂያ ሰሚ ማጣቱን መዝግቧል። ሳይንሱ እስኪረጋገጥ ሳይጠበቅ ጥንቃቄ ይቅደም የሚለውንም ዋና ምክሩ አደረገው።

ዶክተር፦ ውሃን ላይም ያው ነበር። የዐይን ሐኪሙ ሊ ዌንሊያንግ ለጓደኞቹ ተጠንቀቁ ብሎ ስለጻፈ ፖሊስ ጠርቶ አስፈረመው፤ ከአንድ ወር ትንሽ ቆይቶ እሱ ራሱ በዚያው በሽታ ሞተ።

ሲስተር፦ እንግዲህ መረጃ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ከሆነ ማስታወቂያ ነው። ረቂቅህ ውስጥ ዳይሬክተሩ ይናገራል፤ መቼ ይሰማል? ከአሥሩ ደቂቃ አራቷን ዝም በልና ጠይቅ። ሌሊት ምን አየሽ? ምን አነሰሽ? የጠየቀችህንም በማግሥቱ ሰሌዳው ላይ መልስ። «ተጠይቋል፣ አልተገኘም» ቢሆንም መልስ ነው። አንዴ ተናግራ ዝም ከተባለች ሁለተኛ አትነግርህም፤ ሁለተኛ የምትነግርህ ነገር ደግሞ ምናልባት ወረርሽኙ ከየት ክፍል እንደገባ ይሆናል።

ዶክተር፦ ዕረፍቱና መረጃው ለየብቻ ይመስሉኝ ነበር። ረቂቁ ላይም ለሁለት ክፍል ልሰጣቸው አስቤ ነበር፤ አንዱን ለሰው ሀብት፣ አንዱን ለሕዝብ ግንኙነት።

ሲስተር፦ አታድርገው! ለአንድ ሰው ስጠው። ሥራ የጨረሰች ነርስ ወሸባ ሆቴል ገብታ በሯን ከዘጋች በኋላ ምን እንደምታደርግ ልንገርህ? ስልኳን ይዛ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቴሌግራም ታያለች። ማን ታመመ፣ ነገ የት ልመደብ ነው፣ ማስክ አለ ወይስ የለም፣ የልጄን ትኩሳት ማን ያያል። አልጋ ሰጥተሃታል፤ እንቅልፉን ግን ወሬ ወሰደው። ማታ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ሰው አፍ፣ የሚነገረው ሁሉ ተነግሯት ከሄደች ስልኳን አጥፍታ ትተኛለች። ተኝታ የመጣችዋ ደግሞ ጠዋት የምትነግራትን ትሰማለች። ያልተኛችው ራሷን እየነቀነቀች ታይሃለች እንጂ አንድም አትይዝልህ።

ዶክተር፦ ማንን ልመድብ?

ሲስተር፦ አዋቂ ማትሮን ካለችህ እሷን። ሌላ ሥራ ግን አትደርብባት፤ ሠራተኛውን ዕረፍት የማስወጣት ሥልጣንም በጽሑፍ ስጣት። «አንተ ዶክተር፣ ሰዓትህ ሞልቷል፣ ውጣ» ስትል ስፔሻሊስት ሳይቀር የሚወጣላት መሆን አለባት። ኢቦላ ላይ ሰዓት የሚይዝብን ያ ልጅ ዕድሜው ሃያ አምስት አይሞላም ነበር፤ ፕሮፌሰሩን አስወጥቷል።

ዶክተር፦ ለቤተሰብስ ማን ይናገር?

ሲስተር፦ እሷው። በሳምንት ሁለቴ ስልክ መደወል ነው። «ልጅሽ ደኅና ናት፣ እንዲህ ትበላለች፣ በዚህ ቀን ትወጣለች።» ጎረቤት ሲሸሻቸው የሚያውቅላቸው ሰው እንዳለ ይሰማቸዋል። እኔ ወሸባ ሳለሁ ማንም ለቤቴ አልደወለም፤ እህቴ ሞቼ ተደብቆባት መስሏት ለቅሶ ልትቀመጥ ምንም አልቀራት።

ዶክተር፦ (እየሳቀ) ይህንን ገጽ እንደገና እጽፈዋለሁ። ሐሙስ መልሼ ልላክልዎ?

ሲስተር፦ ላክልኝ። ግን አንድ ነገር ቀርቶሃል። የዲውቲ ፕሮግራሙን አባሪ አድርገህ ልከህልኝ ነበር፤ አየሁት። ሰባቱም ቀን ላይ «ሜዲካል ዳይሬክተር፣ በማንኛውም ሰዓት» ይላል። አንተ መቼ ነው የምትተኛው? አንተስ ስትታመም ሰሌዳው ላይ የሚጽፈው ማን ነው? ተተኪህን በስም አስገባ፤ የምታርፍበትንም ቀን ከራስህ ስም ጎን ጻፍ። ያንን ሳትጽፍ ሐሙስ እንዳትልክልኝ።